ተመልሶ በመምጣቱ የተመታ ውሻ

የጠያቂው ደብዳቤ፦

«ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው በደብረ ብርሃን ከተማ ሲሆን የባለቤቴ ቤተሰቦች ሰላ ድንጋይ አካባቢ ያርሳሉ። አማቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቆቅ አዳኝ ናቸው፤ የወፍ ጠመንጃቸውም ፈቃድ አለው። እኔ ደግሞ ዳማ የሚባል፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሁት፣ ሁለት ዓመት የሞላው የፈረንጅ ድቅል ውሻ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ አብረን ወጣን። ዳማ ገና ከመኪና እንደወረደ የአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሸመጠጠ፤ ቆቆቹንም ሦስት ጊዜ ከተኩስ ርቀት ውጭ አስነሥቶ በተናቸው። በአራተኛው አማቴ አንዷን መትተው ጣሉ። ዳማ በተኩሱ ደንግጦ ከሸሸ በኋላ ተመልሶ ወፏን አነሣና እያኘከ ይዟት ዞረ። ስንመለስም የጎረቤት በጎች አባረረ። ስጠራው አልመጣም፤ በመጨረሻ ሲመጣ በንዴት በዱላ መታሁት። የባለቤቴ እናት ‹ውሻ ያኘከውን ድስቴ ውስጥ አልከትም› አሉ። አማቴም ‹አደን የሰው እንጂ የውሻ ሥራ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳታመጣው› ብለውኛል። ውሻውን ለሰው ልስጠው ወይስ ተስፋ አለው? ለመጪው የዕረፍት ቀናት ደግሞ ወደ መንዝ ጓሳ ለመሄድ አስበናል፤ እዚያስ ይዤው ብሄድ ምን ይመስልዎታል? ግራ የገባኝ፣ ከደብረ ብርሃን።»

ውድ ጠያቂዬ፦

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ዐይኔን የሳበው የቆቆቹ መበተንና የአማትዎ ቁጣ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን «በመጨረሻ ሲመጣ በንዴት በዱላ መታሁት» ከሚለው ላይ ስደርስ አላልፍ አልኩ፤ ምክንያቱም በዚያ ቅዳሜ ከተፈጸሙት ጥፋቶች ሁሉ ለማረም የሚከብደው ይህኛው ነው፤ ይህኛው ደግሞ የዳማ ጥፋት አይደለም።

ውሻ ዱላ ሲያርፍበት ቅጣቱን ከሩብ ሰዓት በፊት ከሠራው ጥፋት ጋር አያይዞ አያስብም። የሚያያይዘው ዱላው ባረፈበት ቅጽበት ሲያደርግ ከነበረው ነገር ጋር ነው። ዳማ በዚያ ቅጽበት ሲያደርግ የነበረው ወደ እርስዎ መምጣት ነበር። እርስዎ «በግ አታባርር» ብለው ያስተማሩት መስሎዎታል፤ እርሱ የተማረው ግን ስሙ ተጠርቶ ወደ ጌታው ሲመጣ እንደሚመታ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠሩት ሃያ እርምጃ ርቆ ቆሞ ቢያይዎት፣ ቢቀርቡት ደግሞ ቢሸሽ አይገረሙ። ስለዚህ ውሻውን ለሰው ይስጡት አይስጡት ከማለቴ በፊት ከዛሬ ጀምሮ የሚጠብቁትን አንድ ነገር ላስይዝዎት፤ ምንም ጥፋት አጥፍቶ ይምጣ፣ ስሙን ጠርተውት እስከመጣ ድረስ በመምጣቱ ይመስገን፣ ይዳበስ፣ ኪስዎ ውስጥ ቁራሽ ነገር ካለም ይቅመስ። ንዴትዎን የሚያበርዱበት ሌላ መንገድ ይፈልጉ። እኔ በወጣትነቴ ድንጋይ እያነሣሁ ወደ ገደሉ እወረውር ነበር።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት የሕጉን ነገር ባጭሩ ላንሣ። የአማትዎ ጠመንጃ ፈቃድ ያለው መሆኑን ጽፈዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን የጦር መሣሪያ ፈቃድና የአደን ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይመራል፤ ሁለተኛው ደግሞ ስለ ዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም በወጣው ሕግ ሥር ነው። የቆቅ አደን ለአባቶቻችን የጓሮ ጉዳይ ነበር፤ ዛሬ ግን ያለ ፈቃድ የሚተኮስ ወፍ በሕግ ያስጠይቃል። የጠመንጃው ፈቃድም የተሰጠው ለአማትዎ እንጂ ለእርስዎ ስላልሆነ «አንድ ልሞክር» ብለው አይቀበሏቸው። ሁለቱም ወረቀት በእጅ እስኪገባ፣ የአካባቢውም ሁኔታ ጠመንጃ ይዞ በሜዳ መታየትን የማያስጠረጥር እስኪሆን ድረስ ጠመንጃው ከግድግዳው ላይ ይቆይ። ከዚህ በታች የምመክርዎት ነገር አብዛኛው ጠመንጃ ስለማያስፈልገው የሚያጡት ነገር የለም።

እንዲያውም ምክሬ ይኸው ነው። የሚቀጥሉትን ስድስት ያህል ቅዳሜዎች ከዳማ ጋር ያለ ጠመንጃ ይውጡ።

አማትዎ ይህን ሲሰሙ ይስቁ ይሆናል፤ ምክንያቱን ግን ከቆቋ ጠባይ እንነሣና እናስረዳቸው። በእርስዎ በኩል ባሉት አፋፎች በብዛት የምትገኘው ትልቋ ቆቅ፣ ግንባሯ ጠቆር አናቷ ቀላ ያለው፣ በወፍ አጥኚዎች ዘንድ የኤርክል ቆቅ የምትባለው ናት። ይህች ወፍ የእኛው ደጋ ልጅ ብትሆንም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 ወደ ሐዋይ ደሴቶች ተወስዳ ተለቅቃለች፤ ዛሬ እዚያ ውሻ ይዘው ያድኗታል። ስለዚህ «አደን የውሻ ሥራ አይደለም» ለሚሉት አማትዎ፣ የገዛ ቆቃቸው ባሕር ተሻግራ በውሻ እየታደነች መሆኑን በጨዋታ መሀል ሊያነሡላቸው ይችላሉ። ዋናው ጉዳይ ግን የወፏ አካሄድ ነው። ቆቅ እግሯን የምታምን ወፍ ናት፤ ከመብረር መሮጥ ትመርጣለች። ሰው ሲመጣባት በቁጥቋጦው ሥር ለሥር ሽቅብ ትሮጣለች፣ ከአፋፉ ጫፍ ስትደርስ ክንፏን ዘርግታ ወደ ሸለቆው ትወረወራለች። በሚሮጥ ነገር ላይ መሮጥ ደግሞ የውሻ ደመ ነፍስ ነው። ዳማ በዚያን ዕለት ያደረገው ያለ ምንም ትምህርት የተለቀቀ ውሻ ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ሽታውን አገኘ፣ ሽታው ሮጠ፣ እርሱም ሮጠ። የወፍ ጠመንጃ ደቃቅ እርሳስ ደግሞ ከ35 እና ከ40 ሜትር በኋላ ተበታትኖ ጉልበቱን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚተኩስ ሰው ወፏን አቁስሎ ይለቃታል እንጂ አይጥላትም። ውሻው ከሰውየው ከ30 እርምጃ ያህል ሳይርቅ ካልሠራ በቀር፣ አፍንጫው የቱንም ያህል የተባረከ ቢሆን ለቆቆቹ ማስጠንቀቂያ ከመሆን አያልፍም።

እንግዲህ ያለ ጠመንጃ የሚወጡባቸው ቅዳሜዎች ይህን ርቀት ለማስተማር ናቸው። ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚረዝም ገመድ ከአንገት ማሰሪያው ጋር ያያይዙና መሬት ለመሬት እየጎተተው እንዲሄድ ይተዉት። መጀመሪያ ወፍ በሌለበት፣ ለምሳሌ በከተማው ዳር ባለ ሜዳ፣ ቀጥሎ ወፍ ባለበት ያድርጉት። የሚያስተምሩት ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ቁም» እና «ና»። «ቁም» ሲሉ የገመዱን ጫፍ በእግርዎ ይርገጡ፤ ውሻው በገዛ ሩጫው ገመዱ ጫፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ሲቆም ዝም ብለው ወደ እርሱ ሄደው ያመስግኑት። ይህን በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ፣ በትዕግሥት፣ ሳይጮኹ ያድርጉት። ጩኸት ለቆቅ ነጋሪት ነው፤ «ቆቅ ነው» የሚባለው ንቁ ሰው ስሙን ያገኘው ከእርሷ መሆኑን አይርሱ። በፉጨት ቢያስለምዱት ደግሞ የተሻለ ነው፣ ነፋስ ባለበት አፋፍ ላይ የሰው ድምፅ ይጠፋል፤ ፉጨት ግን ይሻገራል። ሲሄዱ ሁልጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይያዙት፤ ጧት፣ ሣሩ ላይ ጤዛ እያለ፣ ሽታ መሬት ላይ ይቆያል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወዲያ ግን ደረቁ የደጋ ነፋስ ያጠፋዋል፤ ያን ጊዜ ዳማ ቢዘበራረቅ ስንፍና አይደለም።

«ቁም» በሚለው ቃል ላይ ይህን ያህል የምጸናው በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ስላለ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከደብረ ሲና በላይ ባለው በጣርማ በር አፋፍ፣ ከወንድሜ ጋር ጅግራና ቆቅ ለማደን ወጥተን ነበር። የያዝኩት ውሻ አፍንጫው ድንቅ፣ ልቡ ደግሞ ከአፍንጫው የበለጠ ነበር። ጉም ወደ ላይ እየወጣ ነበር። አንዲት ቆቅ ከፊታችን ሽቅብ ሮጠች፤ ውሻው ተከተላት፤ ወፏ ክንፏን ዘረጋች፣ ውሻው ግን ክንፍ አልነበረውም። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ወንድሜ በእረኞች መንገድ ወርዶ አገኘው። ያን ውሻ «ና» የሚለውን አስተምሬው ነበር፤ «ቁም» የሚለውን ግን ለነገ ብዬ አቆይቼው ነበር። እናንተ ወዳላችሁበት አካባቢ ስመጣ ከአፋፉ 50 እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ውሻ አስራለሁ፤ ማንም ቢስቅብኝ አልፈታም።

ተኩሱን ስለመፍራቱ አጭር መልስ አለኝ። ዳማ በሕይወቱ ሰምቶት የማያውቀው ነጎድጓድ በድንገት ከአናቱ በላይ ስለፈነዳ መሸሹ የጤናማ ውሻ ምልክት ነው። ቤት ውስጥ ምግቡን ሲበላ ራቅ ብሎ የድስት ክዳን በማጋጨት ይጀምሩ፤ በየቀኑ ጥቂት እየቀረቡ ይሂዱ። ምግቡን ትቶ ቀና ካለ ቀርበዋል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ፈቃዱ ሁሉ ተሟልቶ እውነተኛው ተኩስ ሲመጣ ደግሞ አማትዎ ቢያንስ 100 እርምጃ ርቀው አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሱ፤ እርስዎ ከውሻው ጋር ሆነው ምንም እንዳልተፈጠረ ያጫውቱት። በፍርሃት ላይ ፍርሃት ከተጨመረበት ግን ጠመንጃ ሲነሣ ባየ ቁጥር ከመኪና ሥር የሚገባ ውሻ ይሆንብዎታል፤ ያ ደግሞ አይድንም ማለት ይቀላል።

ስለ ተኩስ ካነሣን አይቀር፣ አማትዎ ይህን ከእኔ በላይ ቢያውቁትም እርስዎ ከተማ ያደጉ ስለሚመስለኝ አንድ ነገር ልበል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሰው የሌለበት ቁጥቋጦ የለም። ጋቢውን ተከናንቦ ከድንጋይ ጥግ የተቀመጠ ሕፃን እረኛ ከአስር እርምጃ ርቀት ድንጋይ ይመስላል። ቆቅ ዝቅ ብላ ስትበር በአግድም የሚተኩስ ሰው ከወፏ ጀርባ ማን እንዳለ አያውቅም። ስለዚህ ከወፏ በስተጀርባ ሰማይ ካልታየ አይተኮስም። በቤተ ክርስቲያን ደን አጠገብም እንዲሁ፤ ቆቅ በደብሩ ጥድ ውስጥ የምትጠለለው እዚያ እንደማትነካ ስለምታውቅ ነው የሚሉ አባቶች አሉ፤ እውነትም ይሁን ተረት ልማዱ ሊከበር ይገባል።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እናት ልምጣ፤ በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁላችሁም የበለጠ ትክክል የሆኑት እርሳቸው ናቸው። እንደምናውቀው በአገራችን ክርስቲያን ዘንድ ሳይባረክና ሳይታረድ የሞተ በክት ነው። ለዚህም ነው ቆቅ አዳኝ ቢላዋ ከኪሱ የማይለየው፤ ወፏ እንደወደቀች ሮጦ፣ ነፍሷ ሳትወጣ «በስመ አብ» ብሎ ያርዳታል። ዳማ ያቺን ወፍ እያኘከ በዞረባቸው ደቂቃዎች ውስጥ ነፍሷ ወጥታ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ አውሬ የነከሰው ሆኗል። ይህን ይብሉ ብሎ መከራከር የአንድ እናት ወጥ ቤት ላይ መድፈር ነው። የእምነቱን ዝርዝር የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ፤ እኔ በውሻ ላይ እንጂ በዚያ ላይ ዳኛ አይደለሁም። ከአንኮበር በታች የሚኖር አንድ የአርጎባ ወዳጄ ግን አንድ ጊዜ የነገረኝ ትዝ ይለኛል፤ በእነርሱ ሃይማኖት የሠለጠነ ውሻ ስመ አላህ ተብሎ ተለቅቆ የያዘው አደን ይበላል፤ ውሻው ራሱ ከበላለት ግን አይበላም፤ ለራሱ ነው የያዘውና። በሁለቱም ቤት ያኘከ ውሻ ዋጋ የለውም ማለት ነው።

መፍትሔው ውሻውን የፈረንጅ መጻሕፍት እንደሚሉት «አምጣ» ማስተማር አይመስለኝም። በፈረንጅ አገር ውሻ የተመታ ወፍ በአፉ ይዞ መምጣቱ የክብር ሥራው ነው፤ በእኛ አገር ግን ያ ሥራ ከቤት ያስወጣዋል። ዳማን ወፏ ወደወደቀችበት ቦታ በአፍንጫው መርቶ እንዲቆም ያስተምሩት፤ ማንሣቱንና ማረዱን ለአማትዎ ይተዉት። በዚህ መንገድ ወፏ በሰው እጅ ትያዛለች፣ በጊዜ ትታረዳለች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆስላ የምትጠፋውም ትገኛለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ያው «ቁም» ነው። ከቤት ውስጥ ደግሞ በጨርቅ ጥቅልል ላይ የወፍ ክንፍ አስረው ይደብቁለት፤ ሲያገኘው «ቁም» ይበሉት፣ ሄደው እርስዎ ያንሡት፣ እርሱ ሥጋ ይቅመስ። ልጆች ካሉዎት ጨርቁን ከአፉ እየጎተቱ እንዳይጫወቱበት ይከልክሏቸው፤ ያ ጨዋታ የሚያስተምረው ነክሶ መያዝን ነው። ወንዱ ቆቅ እግሩ ላይ ሹል እሾህ አለው፤ ቆስሎ ሲያዝ ይወጋል፤ አንድ ጊዜ ከንፈሩን የተወጋ ውሻ ከዚያ በኋላ የሚይዘውን ሁሉ ቀድሞ ያደቃል። ዳማ ያኘከው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላልና አፉን ከፍተው ይዩት።

የበጎቹን ጉዳይ በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር አልፈውታል፤ እኔ ግን በእንስሳት ጤና ሙያ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም። የተባረረች እርጉዝ በግ ልትጨነግፍ ትችላለች። ስለዚህ በመጀመሪያ ወደ ጎረቤትየው ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ፤ የጨነገፈች ካለችም ዋጋዋን ይክፈሉ። ይህን ካላደረጉ አማትዎ በሰፈራቸው የሚኖሩት የእርስዎን ዕዳ ተሸክመው ነው። ሁለተኛው ነገር የማይታየው ነው። የመንዝና የአካባቢው ገበሬ «አዙሪት» የሚለውን የበግ በሽታ ያውቀዋል፤ በጓ አንገቷን አዘንብላ አንድ ቦታ ላይ ስትዞር፣ ከዚያ ዐይኗ ሲጠፋ፣ በመጨረሻም ስትሞት። የበሽታው ምንጭ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር የኮሶ ዓይነት ትል ነው። ዕንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በግ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች፤ ትሉም ወደ አንጎሏ ወጥቶ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። ውሻ ደግሞ ትሉን የሚያገኘው በዚህ በሽታ የሞተችን በግ ጭንቅላት በልቶ ነው። ገበሬው የከተማ ውሻ በግጦሽ መሬቱ ላይ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቁረው ጥርሱን ብቻ ፈርቶ አይደለም። ለዳማ ጥሬ የበግ ጭንቅላት ፈጽሞ አይስጡት፤ ወደ ገጠር ከመውጣትዎ ጥቂት ቀናት አስቀድመው በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ የኮሶ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፕራዚኳንቴል፣ ያሰጡት፤ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ የሚወጣውንም ይቅበሩት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ፤ ወረቀቱንም ይያዙ። ማንም ሰው በውሻ ቢነከስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ይህ «የራሴ ውሻ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በግ ማባረሩን ለማስተው ያው ገመድ ይበቃል። ከመንጋ ራቅ ብለው ከዳማ ጋር ይቀመጡ። ሲመለከታቸው ዝም ይበሉ፤ ሲነሣ «ተው» ይበሉና ገመዱን ይያዙ፤ ዐይኑን ወደ እርስዎ ሲመልስ ያመስግኑት። አሰልቺ ሥራ ነው። ግማሽ ቀን በጎች መሀል ተቀምጦ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያንቀላፋ ሰው ማየት ለአማትዎም ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ጊዜውን በተመለከተ ጀማሪ አዳኞች የሚረሱት ነገር አለ። መኸር ተሰብስቦ ቆቅ ወደ ታጨደው የገብስና የስንዴ ማሳ ለቃርሚያ የምትወርድበት ምቹ ወቅት ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ያደኑትን ማን ይበላዋል? በጾም ወፍ ገድሎ ማበላሸት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጊዜ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው፤ ወረቀቱም ትምህርቱም እስከዚያ ይደርሳል። ቅዳሜ ማታ ሥራው ሁሉ ማለቅ አለበት፤ እሑድ ጧት ቅዳሴ ሳይወጣ ጠመንጃ ማስጮህ ለአማትዎ ስም አይበጅም። ቅዳሜም ቢሆን ሰንበትን አጥብቀው የሚያከብሩ ሰፈሮች አሉና አስቀድመው ይጠይቁ። ጫጩት ያስከተለች ቆቅ ካጋጠመቻችሁ በየትኛውም ወር ቢሆን ዳማን አስራችሁ መንገድ ቀይሩ። ወደ ጀማ ሸለቆ ከወረዳችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ በዐይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት፣ ደረቷ እንደ ቅርፊት የተጠላለፈ ጥለት ያለው ሌላ ቆቅ አለች፤ የሃርውድ ቆቅ ትባላለች። በዓለም ላይ ያለችው በአባይና እንደ ጀማ ባሉ ገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ ነው። እርሷን ከሌላዋ በበረራ ለይቶ መተኮስ የሚችል ዐይን አለኝ የሚል ሰው ካገኙ አይመኑት፤ በጀማ በኩል ጠመንጃ ይዞ አለመውረድ ይሻላል።

የጓሳው መልስ አጭር ነው፤ ዳማን ይዘው አይሂዱ። አደን እዚያ እንደማይታሰብ መቼም አይጠፋዎትም፤ የመንዝ ሕዝብ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ መሬት ጥበቃ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ ሣሩን እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው ቦታ ነው። ነገር ግን በገመድ የታሰረ፣ ማንንም የማይነካ ውሻ እንኳ እዚያ ሊገኝ አይገባም። በጓሳ ቀይ ቀበሮ አለ። በመላው ኢትዮጵያ፣ ማለትም በመላው ዓለም፣ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ናቸው። ከሰው ጥይት ይልቅ የፈጃቸው ከቤት ውሻ የሚጋባ በሽታ ነው፤ በባሌ ተራሮች በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ ደግሞም በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በየጎራው ያሉትን ቀበሮዎች አራግፏቸዋል፤ ከዚያም በኋላ ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ተከትሏል። የዳማ ክትባት የተሟላ ቢሆንም ክትባት ለሌለው ለመንደር ውሻ ባለቤት «እርሱ ይዞ ከገባ እኔስ?» የሚል ምክንያት ይሆናል። ለዚያ ጉዞ ዳማን ከሚያምኑት ሰው ጋር ትተውት ይሂዱ፤ ጭላዳዎቹን ያለ ውሻ ቢያዩአቸው ቀርበው ያዩአቸዋል።

የቀረው አማትዎ ናቸው። «አደን የሰው ነው» ማለታቸው ከንዴት የመጣ ቢመስልም በውስጡ እውነት አለ። ዕድሜ ልካቸውን ያለ ውሻ፣ በዐይናቸውና በእግራቸው ሲያድኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እርስዎ ደግሞ አንድ ቀን ይዘውት በመጡት እንስሳ ያን ሁሉ አስረሷቸው። ስለዚህ ዳማን ይዘው ሳይሆን ባዶ እጅዎን ይሂዱና «አባባ፣ ቆቅ ውኃ የምትጠጣበትን፣ የምታድርበትን ያሳዩኝ» ይበሏቸው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውርጩን ረግጠው ይውጡ፤ ቆቆቹ ሲጮኹ ይቆጥሩልዎታል፤ የትኛው መንጋ ከየትኛው ጥድ እንደሚወርድ ያሳዩዎታል። ይህን ያህል ካስተማሩዎት በኋላ «ውሻውን በገመድ አድርጌ ከኋላዎ ልከተል?» ቢሏቸው እንቢ አይሉም ብዬ እገምታለሁ። እንቢ ካሉ ደግሞ ቤቱ የእርሳቸው ነው፤ ዳማ በደብረ ብርሃን ዳር ባለው ሜዳ ላይ ተደብቆ የተቀመጠ የወፍ ክንፍ እያገኘ ደስ ብሎት ይኖራል። በዚህ ምክንያት ብቻ ለሰው አይስጡት፤ የተመታ ውሻ ወደ አዲስ ጌታ ሲሄድ የሚወስደው ያንኑ ፍርሃቱን ነው።

ገመዱን ሲገዙ ከናይሎን ይልቅ ወፍራም የቃጫ ገመድ ይምረጡ። ናይሎን ውሻው ሲሮጥ መዳፍ ይልጣል፤ በእሾህም ላይ ሲያዝ አይለቅም። ጫፉን ግን አይቋጥሩት፤ ቋጠሮ በአስታ ሥር ይሰካል፣ ዳማም እርስዎ ሳያዩት ታስሮ ይቀራል።